የስኳር አፕ ድሬዳዋን አያውቅም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የስኳር በሽታ መከታተያ አፖች ሲሠሩ የታሰበው ተጠቃሚ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር፣ ዳቦና ፓስታ የሚበላ፣ ቤቱ የማይሞቅ ሰው ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ወይም ሐረር ጀጎል ተቀምጦ ያንኑ አፕ የሚከፍት ሰው ሰዓቱም፣ እንጀራውም፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። አፑ ደግሞ የሰጡትን ቁጥር ሳይጠራጠር ይመዘግባል። ስለዚህ አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

የመድኃኒት ደወልን በእኛ ሰዓት መሙላት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው አፑ ላይ 1:00 ብሎ ቢሞላ፣ ደወሉ የሚጮኸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ወይም ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። በሌሊት በእንቅልፍ ልብ ተነሥቶ የተወጋ ሰው ሳይበላ ተመልሶ ይተኛል፤ ስኳሩም የሚወርደው ተኝቶ ሳለ ነው። ስልኩን ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀይሩትና ጠዋቱን 07:00፣ ማታውን 19:00 ብለው ይሙሉ። ስልኩ «ከዚህን ያህል ሰዓት በኋላ ይደውላል» የሚል መልእክት ካሳየ ሳያነቡት አይለፉ።

የመለኪያው መሣሪያ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ባትሪ ሲቀየር ቀኑና ሰዓቱ የሚጠፋበት መለኪያ ብዙ ነው። በብሉቱዝ ሲገናኝ የቁርስ ውጤት የእራት ሆኖ ይገባል፤ ሐኪሙ ያንን አይቶ የማታውን መጠን ሊቀይር ይችላል። ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጆቹ ይሙሉ። የትውልድ ዓመቱን በእኛ የሞላ ሰው አፑ ፊት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ይቀርባል፤ የምርመራ ቀኑን እንዲያ የሞላ ሰው ደግሞ ውጤቱ ከዝርዝሩ መጨረሻ ተቀብሮ ያጣዋል።

ሁለቱን መለኪያ ማምታታት

እዚህ አገር ስኳር የሚነገረው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ 120፣ 180 እንደምንለው። ዘመድ ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የላከው መለኪያ ግን በሚሊሞል በሊትር ያነባል። በ18 ሲያባዙት ወደ እኛው ይመለሳል፤ 10 ማለት 180 ነው። መለኪያው 20 ሲያሳይ «ወርዶብኛል» ብሎ ሻይ በስኳር የሚጠጣ ሰው 360 ላይ ሆኖ ነው የሚጨምርበት። አፑን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚመርጡት መለኪያ ከመሣሪያው ጋር አንድ ይሁን።

የኢንሱሊን ማስያውን ማመን

ብዙ አፖች «ይህን ያህል ዩኒት ይውሰዱ» የሚል ማስያ አላቸው። ስሌቱ የተሠራው ከምግብ ጋር ፈጣን ኢንሱሊን፣ በቀን አንዴ ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ነው። እኛ ጋ በብዛት የሚታዘዘው ኤንፒኤች (መካከለኛ ጊዜ የሚቆይ ኢንሱሊን) ወይም 70/30 የሚባለው ቅልቅል ነው። ቅልቅሉ ውስጥ 70 በመቶው ቀስ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ፣ ምሳ ላይ ከፍ ያለውን ስኳር ለማውረድ በማስያው መሠረት የተጨመረ ዩኒት ከሰዓታት በኋላ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ይደርሳል። ሐኪምዎ ቁጥሮቹን ራሱ ካልሞላልዎ ማስያውን ይዝጉት።

መርፌውንም ያረጋግጡ። ብልቃጡ «ዩ-100» (በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው) ከሆነ ሲሪንጁም «ዩ-100» መሆን አለበት። በ«ዩ-40» ሲሪንጅ 10 መስመር ድረስ የሳበ ሰው 25 ዩኒት ወግቷል፤ አፑ ላይ ግን 10 ተብሎ ይመዘገባል።

የፈረንጅ ምግብ ዝርዝር ውስጥ እንጀራ መፈለግ

ቢገኝም የማን እንጀራ እንደሆነ አይታወቅም። የጤፍ ነው? የማሽላ? ሩዝ የተቀላቀለበት? ከዝርዝሩ «ፓንኬክ» ከመምረጥ የራስዎን ምግብ ይመዝግቡ። የቤትዎን አንድ እንጀራ አንድ ቀን በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው «ሩብ»፣ «ግማሽ» ብለው ያስቀምጡ፤ ፈጢራውንም ሳምቡሳውንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው መልስ የሚገኘው ከዝርዝሩ ሳይሆን ከጣትዎ ነው፦ ከመብላትዎ በፊትና መብላት ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ። ለብዙ አዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ይፈለጋል። የእርስዎን ግብ ሐኪምዎ ሊለየው ይችላል።

አፑ ላይ የማይጻፈው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጫት ነው። ጫቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ አብሮት የሚጠጣው አንድ ጠርሙስ (300 ሚሊ ሊትር) ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ይሰቀላል፤ ማታ እራት ይቀራል፣ መድኃኒቱ ግን እንደ ልማዱ ይወሰዳል፤ ሌሊት ስኳሩ ይወርዳል። ግሊበንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ ኪኒን) ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ላይ ይህ አደጋ ነው። ሐኪም እንዳይቆጣ ብሎ መደበቅ ማንንም አይጠቅምም፤ የማስታወሻ ቦታው ላይ «ጫት፣ 1 ለስላሳ፣ እራት የለም» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

በጾም ደወሉን እንዳለ መተው

በረመዳንም በዐቢይ ጾምም የምግብ ሰዓት ይለወጣል፤ አፑ ግን የጠዋቱን መድኃኒት በጠዋት ማስታወሱን ይቀጥላል። የመጠንና የሰዓት ለውጡን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ጨርሰው ደወሎቹን አንድ በአንድ ይቀይሩ። ሲጾሙ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን መፍታት ነው።

ሙቀት ያበላሸውን ስትሪፕ መመዝገብ

አብዛኛው ስትሪፕ (ደም የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጥ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ድሬዳዋ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ቀን ላይ ከዚያ ያልፋል፤ የባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ የተተወውማ አይነሣ። ክዳኑን ወዲያው ይክደኑ፣ የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ኢንሱሊን ፍሪጅ ከሌለ እርጥብ አሸዋ በያዘ ሸክላ ውስጥ፣ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ማንጎ የላጠ እጅ ሳይታጠብ ከተወጋ ደግሞ መለኪያው የሚያነበው ማንጎውን ነው።

በአማካዩ መደሰት

ስትሪፕ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚለካው ጠዋት፣ በባዶ ሆድ ብቻ ነው። አማካዩ 130 ሲሆን አፑ «የሦስት ወር ስኳርዎ 6.2 በመቶ ገደማ ነው» ይላል። ከምግብ በኋላ ያለውን ስላላየ ነው። በሳምንት ሰባት ስትሪፕ ብቻ ካለዎት ሦስት ቀን ጥንድ ጥንድ ይለኩ፦ አንድ ቀን ከቁርስ በፊትና በኋላ፣ ሌላ ቀን ከምሳ፣ ሌላ ቀን ከእራት። ሰባተኛው ላልታሰበ ማላብና መንቀጥቀጥ ይቀመጥ። ትንሽ ልዩነትም አያስደንግጥዎ፤ ደረጃውን ያሟላ መለኪያ እንኳ ከ100 በላይ ሲሆን እስከ 15 በመቶ ሊለያይ ይፈቀድለታል፤ 148 እና 160 ተመሳሳይ ናቸው ቢባል ስህተት የለበትም።

ጣት ካሜራ ላይ በማስቀመጥ ስኳር እለካለሁ የሚል አፕ ካገኙ ያጥፉት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ቆዳ ሳይበሱ ስኳር እንለካለን የሚሉ የእጅ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል።

ሲወርድ ስልክ መነካካት

ከ70 በታች ሲሆን መመዝገቡ ይቆይ። በመጀመሪያ 15 ግራም ስኳር፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም። የሳተን ሰው በአፍ ምንም አይስጡ፤ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱ። ስልኩ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፦ ሳይከፈት በሚታየው የአደጋ ጊዜ መረጃ ላይ «ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወስዳለሁ» ብለው ከቤተሰብ ስልክ ቁጥር ጋር ይጻፉበት። መንገድ ላይ የሚያነሣዎት ሰው ማን እንደሚሆን ስለማይታወቅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ቢሆን ይሻላል።