የክረምት የታዳጊዎች ካምፕ በድሬዳዋ፦ አቻ መሪዎችን እንዴት እናሰማራ?

ለ40 ታዳጊዎች 10 አቻ መሪዎች (ልጆቹን የሚመሩ፣ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጧቸው ወጣቶች) ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ስምንት ስምንት ልጅ ይይዛሉ። መሪው ከልጆቹ ሦስት አራት ዓመት ይብለጥ፤ እኩያቸው ከሆነ አይሰሙትም። ከሁለቱ አንዱ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ቢችል ማንም ልጅ በቋንቋ ምክንያት ጥግ አይዝም።

ሥልጠናው ቢያንስ ሦስት ቀን ይውሰድ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ መሪዎቹ ጨዋታ ብቻ ይለማመዱና ልጅ ሲደባደብ ወይም የቤት ችግሩን ሲነግራቸው ግራ ይገባቸዋል። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ፤ ልጅ የሚጎዳ ነገር ከሰሙ በዕለቱ ለአስተባባሪው ይንገሩ።

ኳስና ሩጫ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 4:00፣ ከዚያ ሙቀቱ ስለሚከብድ ጥላ ሥር።

ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ቢመስልም ሜዳ አታድርጉት! ከተማው ሳይዘንብበት ከደጋው ጎርፍ ይወርዳል፤ በ1998 ክረምት ብዙ ሰው ጨርሷል። ከማዶ የሚመጡ ልጆች ከመሪያቸው ጋር በድልድይ ብቻ ይሻገሩ።