ለገና ጠጅ ለመጣል ያሰባችሁ፣ ከባልዲው ጀምሩ

ኅዳር ላይ አዲስ ማር ገበያ ሲገባ «ዘንድሮ እኔም ጠጅ ልጣል፣ ምን ምን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ይበዛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ገንዘባችሁን ማሩ ላይ አውሉት። ዕቃው ትንሽና ንጹሕ ከሆነ ይበቃል።

አያቴ ጠጅ የሚጥሉት በትልቅ ጋን ነበር። እኔ ግን የምኖረው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጋን የማጥብበትም የማጥንበትም ቦታ የለኝም። ያለኝ ለምግብ የሚሆኑ፣ ክዳን ያላቸው ሁለት ባለ 10 ሊትር ባልዲዎች ናቸው። በአንዱ እጥላለሁ፣ ወደ ሌላው አጠልላለሁ። ጀሪካን አልመክርም። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አስገብቶ ማጠብ አይቻልም። ዘይት የነበረበት ከሆነማ ሽታው መቼም አይለቅም።

ከባልዲው ሌላ የእንጨት ማማሰያ፣ ነጭ ሻሽ፣ ወንፊትና ሚዛን ያስፈልጋል። ማማሰያው ወጥ ያልነካው አዲስ ይሁን። ሁሉንም እጠቡና በፈላ ውሃ አለቅልቁ። በበረኪና ካጠባችሁ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። በወይራ ማጠን ለሸክላ ነው፣ ፕላስቲክ ይቀልጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወይራ ጣሉት።

አሁን ወደ ማሩ። 2 ኪሎ ግዙ፤ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ፣ ሰፈፉ ያልወጣለት። ነጭ ማር ለመብላት ይቀመጥ። አንድ ዓመት በርካሽ ያገኘሁት ማር ስኳር የተቀላቀለበት ኖሮ ጠጁ ፈልቶ አለቀ፣ የማር መዓዛ ግን አልነበረውም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በክብሪት ማቃጠል፣ ውሃ ላይ ማንጠብጠብ የሚባለው ፈተና አያስተማምንም። የምታውቁት ሰው ጋ ሄዳችሁ፣ ቀምሳችሁ ግዙ።

2 ኪሎ ማር ወደ 1.4 ሊትር ይሆናል። በእሱ ላይ 5 ሊትር ውሃ ጨምሩ። ይህ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ተኩል ውሃ ማለት ነው። ከባልዲው የሚተርፈው ቦታ ለአረፋው ነው፣ አትሙሉት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አፍሉትና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ማሩን ግን አታፍሉት። ጠጁን የሚያፈላው እርሾ ከማሩና ከጌሾው ጋር ነው የሚመጣው፤ ትኩስ ነገር ይገድለዋል።

ቀኑን ከገና ወደ ኋላ ቁጠሩ። እኔ ታኅሣሥ 3 ማሩን በውሃ በጥብጬ በሻሽ እሸፍነዋለሁ። እስከ ታኅሣሥ 6 ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ እሱን ገፍፌ አወጣለሁ። በዚያው ቀን 100 ግራም የጌሾ እንጨት አጥቤ፣ ልጬ አዘጋጃለሁ። ከብርዙ አንድ ሊትር ቀድቼ አብዛኛውን ጌሾ በእሱ እቀቅላለሁ። ሲበርድ ወደ ባልዲው እመልሰዋለሁ። ጥቂት እንጨት ሳይቀቀል እጨምራለሁ። ቅጠሉን ለጠላ ተዉት።

ከዚያ በየቀኑ አንዴ ማማሰል ነው። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው፣ ስለዚህ ባልዲውን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። በቆላ አምስት ቀን ይበቃዋል። እኛ ጋ ግን ከጌሾው በኋላ ከ15 እስከ 20 ቀን ይወስዳል። ጆሮአችሁን ጠጋ አድርጉ፣ ሲፈላ ይሰማል። ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ ቅመሱ፤ ምሬቱ ከበቃችሁ ጌሾውን አውጡ።

አንድ ነገር አደራ። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ። በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ዘግቼ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ግድግዳ መታ። ልጆቼ በድንጋጤ ተነሡ። ጠጅ ሲፈላ አየር ያወጣል፣ መውጫ ይፈልጋል። ሻሹን ዘርጉ፣ ክዳኑን ከላይ ጣል አድርጉት። ባለቀለም ሻጋታ ካያችሁበት ግን ሙሉውን ድፉት፣ አትሳሱ።

ታኅሣሥ 26 ወደ ሁለተኛው ባልዲ አጠልላለሁ። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በታጠበ ሻሽ። ሁለት ቀን ሳይነካ ይረጋል። ሲቀዱ ባልዲውን በቀስታ ማዘንበል ነው፣ አተላው ከሥር ይቅር። የተረፈውን በጠርሙስ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ለገና ብርሌ ባይኖራችሁ ብርጭቆ ይሆናል።