ፊጂ መንደር ስትገቡ ሴቩሴቩ እንዴት ይደረጋል

ፊጂ ሄዳችሁ ሪዞርት ውስጥ ብቻ የምትከርሙ ከሆነ ይሄ ብዙም አይመለከታችሁም፣ ግን ትልልቆቹ ደሴቶች ቪቲ ሌቩም በሉት ቫኑዋ ሌቩ ወይ ከትንንሾቹ አንዱ ላይ መንደር ልትገቡ ካሰባችሁ ሴቩሴቩን ሳታውቁ እንዳትሄዱ። ነገሩ ቀላል ነው፣ የያንጎና ስር (ካቫ የሚባለው) ይዛችሁ ለመንደሩ አለቃ ታቀርባላችሁ፣ እሱ ከተቀበለ እንግዳቸው ሆናችኋል፣ መዞሩም ፎቶ ማንሳቱም መዋኘቱም ከዛ በኋላ ነው። ሳያቀርቡ መንደር ውስጥ መንጎራደድ የሰው ቤት ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው።

ካቫውን ሱቫ ወይ ናንዲ ከተማ ገበያ ታገኛላችሁ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ በቂ ነው። ዱቄቱን ሳይሆን ያልተፈጨውን ስር ግዙ፣ ለሴቩሴቩ የሚሆነው እሱ ነው፣ ሻጮቹ ራሳቸው አስረው ጠቅልለው ይሰጧችኋል።

አለባበስ ላይ ቀልድ የለም። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ወንዱም ሴቱም ወገብ ላይ የሚጠመጠመውን ሱሉ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ኮፍያና መነፅር መንደሩ መግቢያ ላይ አውልቁ፣ ቦርሳም ትከሻ ላይ አይንጠልጠል፣ በእጅ ያዙት። በኔ እይታ ቱሪስት ካቫው ይመረኛል ብሎ ሲጨነቅ ኮፍያውን ይረሳል፣ እነሱ ግን መጀመሪያ የሚያዩት ኮፍያውን ነው።

እንደደረሳችሁ ቱራንጋ ኒ ኮሮ የሚባለውን የመንደሩን ኃላፊ ጠይቁ፣ እሱ ወደ አለቃው ይወስዳችኋል። ጫማ በር ላይ ይቀራል። ምንጣፉ ላይ እግራችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ፣ እግር ወደ አለቃውም ወደ ታኖአውም (ካቫው የሚበጠበጥበት የእንጨት ገበታ) አይዘርጋ። ስሩን በእጅ ከማቀበል ፊት ለፊቱ ምንጣፉ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ንግግሩን ብዙ ጊዜ ይዟችሁ የመጣው ሰው ያደርግላችኋል፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ከዛ መጠጡ ይመጣል። ቢሎ የሚሉት የኮኮናት ቅል ወደናንተ ሲዘረጋ መዳፋችሁን ጎድጎድ አድርጋችሁ አንዴ አጨብጭቡ፣ ቡላ (ሰላምታቸው ነው) በሉ፣ ተቀበሉና በአንድ ትንፋሽ ጨልጡት፣ ቅሉን መልሳችሁ ሶስቴ አጨብጭቡ። ከቦታ ቦታ ትንሽ ስለሚለያይ ጎናችሁ ያለውን ሰው እያያችሁ አድርጉ። ጣዕሙ አፈር አፈር ይላል፣ ምላስና ከንፈር ያደነዝዛል፣ አልኮል የለውም ግን ያፈዛል፣ ከቢራ ጋር ባትቀላቅሉት ይሻላል። ሙሉ ቅል ከከበዳችሁ ሎው ታይድ (ትንሽ ቅዱልኝ እንደማለት) በሏቸው፣ ይስቃሉ ግን ትንሽ ነው የሚቀዱላችሁ። የመጀመሪያዋን ቅል ግን እምቢ ባትሉ ነው የምመክረው።

ሌላው፣ በተቀመጠ ሰው መሀል ስታልፉ ጎንበስ ብላችሁ ቱሎው (ይቅርታ እንደማለት) እያላችሁ እለፉ። የሰው ጭንቅላት አይነካም፣ የህፃንም ቢሆን፣ ፀጉሩ ቢያምርም! የሰው ዕቃም አብዝታችሁ አታድንቁ፣ ምክንያቱም ሰጥተዋችሁ ቁጭ ይላሉ፣ ኬሬኬሬ የሚሉት በዘመድ መሀል ተጠይቆ እምቢ የማይባልበት ልማድ አለ እና ያቺ አድናቆታችሁ እንደ ልመና ልትቆጠር ትችላለች።

ቀን ስትመርጡ እሁድን ዝለሉት። አብዛኛው የመንደር ሰው ሜቶዲስት ስለሆነ ቀኑ የቤተክርስቲያንና የእረፍት ነው፣ እዛው አድራችሁ እሁድ ከደረሰባችሁ ደግሞ አብራችኋቸው ቸርች ሂዱ፣ መዝሙራቸው ብቻውን ያስኬዳል።