በሥራና በንግድ ቦታ በቤተሰብ መኩራት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወሎ የሥራ ንግግር የሚጀመረው በቤተሰብ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ባቲ፣ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ሱቅ የገባ ሰው «እንዴት ናችሁ፣ ቤት ደህና ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው» ሳይባባል በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ቢገባ ችኩል ይባላል፤ አንዳንዴም እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ቤተሰብን ከነጭራሹ ከሥራ ቦታ አርቁ የሚለው ምክር እዚህ አያዋጣም። በልጅ፣ በአባት፣ በዘመድ መኩራትም ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ሰሚው ዝም የማለት፣ ጨዋታ የመቀየር ወይም እምቢ የማለት ነጻነት በሌለው ጊዜ ነው፤ በሥራ ቦታ ደግሞ ባለጉዳዩ በባለሥልጣኑ፣ ሠራተኛው በአለቃው፣ ተበዳሪው በአበዳሪው ፊት ይህ ነጻነት ብዙ ጊዜ አይኖራቸውም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ የሚመነጩት ይህን ካለማየት ነው።

ለሰላምታ ሪፖርት መመለስ

«ልጆች ደህና ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ከዚያ ጥያቄው ለጠያቂው ይመለሳል። ስህተቱ ትልቁ ሐኪም እንደሆነ፣ መካከለኛዋ ባንክ እንደገባች፣ ትንሹ ከክፍሉ አንደኛ እንደወጣ መዘርዘር ነው፤ ይባስ ብሎ እንዲህ የሚዘረዝር ሰው የእንግዳውን ልጆች ሳይጠይቅ ወደ ሒሳቡ ያልፋል። እንግዳው ራሱ «ትልቁስ የት ደረሰልህ?» ብሎ ከቀጠለ ግን ሊሰማ ፈልጓልና መሸሸግ አያስፈልግም፤ አጥጋቢ መልስ መስጠት ጨዋነት ነው።

ዘርን በሰነድ ቦታ ማቅረብ

«የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ በገበያ ውስጥ ሥራ አለው። ዱቤ የሚሰጥ የጅምላ ነጋዴ የደንበኛውን አባት ካወቀ ግማሽ ዋስ እንዳገኘ ይቆጥረዋል። ስህተቱ ሳይጠየቁ መልሱን ይዞ መቅረብ ነው። የጨረታ ሰነድ ሊያስገባ ወይም ብድር ሊጠይቅ የመጣ ሰው ንግግሩን «እኔ የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ» ብሎ ሲከፍት፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ባለሙያ የሚሰማው ግፊት ብቻ ነው፤ ቢፈቅድ በሰው በሰው ሠራ ይባላል፣ ቢከለክል የትልቅ ሰው ልጅ አዋረደ ይባላል።

የዘር ጉዳይ በወሎ ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ጋር በተያያዘ ሙስሊሙ የወሎ መስፍን መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ንጉሥ ሆኑ፤ የልጃቸው የወይዘሮ ስሂን ስም ዛሬም ድረስ በደሴው ትምህርት ቤት ይጠራል። እንዲህ ያለው ታሪክ በመኳንንቱ ዘንድ ብቻ የቀረ አይደለም፤ አያቱ ሼህ፣ አጎቱ ቄስ የሆኑለት ወሎዬ ብዙ ነው። በስብሰባ ላይ የአንዱን ወገን ሐረግ ብቻ እየቆጠሩ መኩራት የራስን ግማሽ ቤተሰብ መካድ ሊመስል፣ አጠገብ የተቀመጠውንም ባልደረባ ባይተዋር ሊያደርገው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ «ቤታችን ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው» የሚለውን እውነት ለባለሀብት ወይም ለለጋሽ ድርጅት በተዘጋጀ ገለጻ ላይ እንደ ማስታወቂያ የሚያቀርቡ አሉ፤ እንግዲህ የቀረን አክስቶቻችንን ፖስተር ላይ መለጠፍ ነው።

የፈተና ውጤት በመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ

ብዙ ሰው በቅንነት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ የ2015ዎቹ 3.2 በመቶ፣ የ2016ዎቹ ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። በ3.3 በመቶው ሲሰላ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ የተፈታኝ ወላጆች ቢኖሩ በዚያ ምሽት እልል የሚለው አንዱ ቤት ነው ማለት ነው። የ2014 ተፈታኞች ደግሞ በወሎ የተለየ ሸክም ነበረባቸው፤ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ተቋርጦ፣ ቤተሰብ ተፈናቅሎ፣ ልጆች ደብተራቸውን ጥለው ወጥተው ነበርና።

ውጤቱ እንደወጣ የደስ ደስ ያለው አባት የልጁን ውጤት ስክሪንሹት አድርጎ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል። ወዲያው «እንኳን ደስ አላችሁ» ይጎርፋል፤ ከአበባና ከጭብጨባው ሥር ግን ያነበቡና ምንም ያልጻፉ ሰዎች አሉ። ዝምታቸው ምቀኝነት ተብሎ እንዳይተረጎምባቸው ዘግየት ብለው የሚጽፉም አሉ፣ ልጃቸው በጓዳ እያለቀሰ። በማግስቱ ጠዋት አንዱ ቡና ላይ «ያንቺዋስ ስንት አመጣች?» ብሎ ሲጨምርበት፣ በአንድ ስክሪንሹት የተጀመረው ነገር የሰዎችን ገመና በአደባባይ ወደ መጠየቅ ይደርሳል።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ምስል ላይ የልጁ ሙሉ ስምና የመለያ ቁጥሩ ይታያል፤ ውጤቱም የልጁ እንጂ የአባት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሠራተኞቹን ልጆች ፎቶና ውጤት በፌስቡክ ገጹ ላይ ሲያወጣ ጉዳዩ ከይሉኝታ አልፎ ሕግ ሊነካ ይችላል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ከልጁ ወይም ከወላጁ ፈቃድ ሳይቀበሉ መለጠፍ አይገባም። እኔ የምመክረው ቀላል ነው፦ በደስታው ቀን ለቅርብ ወዳጅ ደውሉ፣ ለጠየቀ ሁሉ በቃል ንገሩ፣ ግሩፑን ግን ተዉት። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ሌሎች ራሳቸው ያነሡታል፤ ያን ጊዜ «ያንተም ያልፍለታል፣ አብሽር» የሚባልለት ሰው አጠገብ መኖሩን አይቶ መናገር ይቻላል።

የአለቃ ደስታ መዋጮ ሲሆን

ሥራ አስኪያጁ ልጁን ሲድር ወይም ሲያስመርቅ የጥሪ ካርዱ በጸሐፊዋ በኩል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይታደላል፤ ከኋላው የመዋጮ ዝርዝር ስምና ፊርማ ይዞ ይዞራል። «በፈቃደኝነት ነው» ይባላል፤ ነገር ግን ያላዋጣው ሰው ስም አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም ይታያል። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ጥበቃ ሳይቀር ተበድሮ ያወጣል። አለቃ የሆነ ሰው ደስታውን ከሠራተኞቹ ጋር ለመካፈል ከፈለገ የመዋጮው ዝርዝር እንዳይዞር አስቀድሞ ይከልክል፤ ከተቻለም ከድግሱ በኋላ ዳቦውን ቢሮ አምጥቶ ከቡናው ጋር ያቅምሳቸው። ጨረታ ክፍት በሆነበት ወቅት አቅራቢንና ሥራ ተቋራጭን ለልጅ ሠርግ መጥራት ግን በምንም መንገድ ሊደረግ አይገባም፤ ያመጡትን ስጦታ እንደ ጉቦ ያየ ሰው አይወቀስም።

ልጅን በደንበኛ ፊት ማሳነስ

ይህ ደግሞ የተገላቢጦሹ ስህተት ነው፤ ከዓይን ፍርሃትም ከትሕትናም ይመጣል። በአንድ የደሴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ባለ ሱቁን «ማሻአላህ አያ፣ ልጅዎ እኮ ደረሰልዎ» ትላቸዋለች። እርሳቸውም ሜትሩን እንደያዙ «ኧረ ተይው፣ ይሄ ደግሞ ምን ያውቃል ብለሽ ነው» ይላሉ፤ ልጁ ከመደርደሪያው ሥር ጥቅል እያወረደ አንገቱን ይደፋል። በሌላ ቀን ሴትዮዋ ስትመለስ አባት የሉም። ልጁ ዋጋውን ሊነግራት ሲሞክር «አባትህ ሲመጡ እመለሳለሁ» ብላ ትወጣለች። አባት ነገ ሱቁን የሚያስረክቡት ሰው ደንበኛ እንዳያምነው ያደረጉት ራሳቸው ናቸው። ማሞገስ ካስፈራ የልጁን ድርሻ መናገር ይበቃል፦ «አዎ፣ የዱቤውን መዝገብ የሚይዘው እርሱ ነው፤ እኔ ከሌለሁ እርሱን አናግሪው።» እዚህ ውስጥ ጉራ የለም፣ ደንበኛዋም ሥራዋ አይስተጓጎልም።

ከውጭ የተላከን ገንዘብ መጠን መጥራት

ከወሎ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ያልተሄደበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል። ልጇ ከጅዳ ወይም ከሪያድ በላከችው ገንዘብ ቤት ያቆመች እናት ብትኮራ ያምርባታል። ነገር ግን ለነጋዴ፣ ለደላላ ወይም ለባንክ ወረፋ ጓደኛ መጠኑን መናገር ዋጋ ያስጨምራል፣ ተበዳሪ ያበዛል፣ ልጅቱንም «ጨምሪ» ለሚል ግፊት ያጋልጣታል። በዚያው ወረፋ ላይ ልጇ ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባት ሌላ እናት ልትኖር እንደምትችልም መርሳት አይገባም።

በማመልከቻ ላይ ቤተሰብን መዘርዘር

በሥራ ማመልከቻና በሲቪ ላይ የአባትን ሹመት፣ የወንድምን መሥሪያ ቤት፣ የልጆችን ብዛት መጻፍ አሁንም አልቀረም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጋብቻ ሁኔታንና የቤተሰብ ኃላፊነትን ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም፤ ታዲያ ሕጉ ያላስፈለገውን አመልካቹ በገዛ እጁ የሚያቀርብበት ምክንያት የለም። ቀጣሪውም የአባቱን ስም አይቶ ቀጠረ እንዳይባል ሲል ማመልከቻውን ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል። የቤተሰብ ኩራት እዚያ ገጽ ላይ ቦታ የሚያገኘው ሥራ ሆኖ ሲመጣ ነው፦ «ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአባቴ የእህል መጋዘን የገቢና የወጪ መዝገብ ይዣለሁ» ብሎ የጻፈ አመልካች በቃለ መጠይቁ ላይ ስለዚያ መዝገብ ተጠይቆ መመለስ ይችላል።