ስልሳ ተማሪ፣ አንድ መምህር፦ የፍሬሽማን የጽሑፍ ክፍል ማንንም ወደኋላ ሳይተው እንዴት ይመራል?

በፍሬሽማን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎች አንደኛ ደረጃን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተምረው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱም ሲሳሳቱ «ግራመር ድገሙ» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ የስህተታቸው ምንጭ ግን የተለያየ ነው። በግዕዝ ፊደል የተማረው የሰው ስም በትንሽ ሆሄ የሚጀምረው ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለማይለይ ነው። በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) የተማረችው በዚህ አትቸገርም፤ እሷን የሚያሳስቷት «ሲ» እና «ኤክስ» ናቸው፤ በቁቤ የ«ጭ» እና የ«ጥ» ድምፅ አላቸውና። ሶማሊኛ ደግሞ «ፕ» ስለሌለው በ«ፕ» ቦታ «ብ» ይገባል። ምንጩን ያወቀ መምህር የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ ለሚመለከተው ተማሪ ይሰጣል እንጂ ክፍሉን በሙሉ ለአንድ ሳምንት ሰዋስው አያስቀጠቅጥም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የ15 ደቂቃ፣ ማርክ የሌለው አንቀጽ ያጽፉ። በወረቀቱ ጀርባ እነዚህን ይጠይቁ፦ አንደኛ ደረጃን በምን ቋንቋ ተማራችሁ? አሳይመንት የምትሠሩት በእጅ፣ በስልክ ወይስ በኮምፒውተር? ሰሌዳው ይታያችኋል? ድምፄ ይሰማችኋል? በቃል «ችግር ያለበት እጅ ያውጣ» ቢሉ ግን ማንም አያወጣም።

ርዕስ ሲመርጡ «የማልረሳው የመዝናኛ ጉዞ» ዓይነቱን ይተዉት፤ ተጉዞ የማያውቀው ገና ሳይጽፍ ይቀራል። ሁሉም ከቤቱ የሚያውቀው አሠራር ይሻላል፦ ቡና አፈላል፣ የቆጮ አዘገጃጀት፣ የወተት ዕቃ አጥኖ ማዘጋጀት። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ተማሪዎቹ በፈለጉት ቋንቋ ያቅዱ። ይህ እንግሊዝኛቸውን ያዳክማል የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ሐሳብም ቃልም በአንድ ጊዜ መፈለግ ግን ከባድ ሸክም ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ዕቅዱ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ ተማሪው ቃል በቃል መተርጎም ይጀምራል፣ ግሡም መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ዕቅዱ ነጠላ ቃላትና ቀስት ብቻ ይሁን።

ከ30 ማርክ ለዕቅድ 5፣ ለመጀመሪያ ረቂቅ 5 (ስላቀረበ ብቻ)፣ ለጓደኛ በሰጠው አስተያየት 5፣ ለመጨረሻው ጽሑፍ 15 ይመድቡ። ከ15ቱ ለይዘትና ለቅደም ተከተል 9፣ ለዓረፍተ ነገር ግልጽነት 4፣ ለስፔሊንግና ሥርዓተ ነጥብ 2። ክፍፍሉን ከሥራው በፊት ይስጡ፤ አንድ ጥሩና አንድ መካከለኛ ናሙናም አብረው ያሳዩ። ጥሩው ብቻ ከታየ ተማሪው ይገለብጠዋል።

እርማት ላይ ሒሳቡ ይታሰብ። 60 ወረቀት በ15 ደቂቃ 15 ሰዓት ነው፤ ማንም አይጨርሰውም። ለአንድ ወረቀት 5 ደቂቃ ይበቃል፦ አንድ የተሳካ ነገር፣ አንድ የይዘት ጥያቄ፣ አንድ ተደጋጋሚ ስህተት፣ እሱም በመጀመሪያው አንቀጽ ብቻ ተሰምሮበት። የቀረውን ተማሪው ራሱ ይፈልግ። ገጹ በቀይ ከተሞላ የእርስዎን እርማት ገልብጦ ይመልሳል። ስለ ቆጮ የጻፈ ተማሪ «ከዚያ ይቀበራል» ብሎ ካለፈ፣ ግሡን ከማረም ይልቅ «በምን ተሸፍኖ? ለስንት ጊዜ? ቆጮ አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን አንብቦ መሥራት ይችላል?» ብለው ይጻፉለት። በሚቀጥለው ረቂቅ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጨመራል።

በጓደኛ አስተያየት ጊዜ ተማሪዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ፤ ሰዋስው ማረም ይከልከል። «የት ላይ ግራ ገባህ? ምን ጎደለ?» ይበቃል። አንድ ለአምስት የተባለውን የቡድን አደረጃጀት ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አንዱ ይጽፋል፣ አምስት ስም ይሰፍራል።

ማየት ለተሳነው ተማሪ በቴሌግራም የተላከ የሃንድአውት ፎቶ ባዶ ገጽ ማለት ነው። በጣት ወይም በማውስ ቃሉን መምረጥ ካልቻሉ ስክሪን ሪደሩም (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) አያነበውም፤ የወርድ ፋይሉን ይላኩ። ኮምፒውተር ካለ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛል። ቀይ ክብም አይጠቅመውም፤ አስተያየቱን በቁጥር ከጽሑፉ ሥር ይጻፉ። በብሬይል ለሚጽፍ የ40 ደቂቃውን ሥራ 60 ያድርጉት።

መስማት ለተሳነው ተማሪ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ቋንቋ ነው፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም የራሱ ሰዋስው አለው። ጽሑፉን ለአስተርጓሚው ከአንድ ቀን በፊት ያድርሱ። አዳምጦ መጻፍን በንባብ ይተኩለት። ደግሞም ተማሪዎች እየጻፉ ሳለ አይናገሩ፦ አስተርጓሚውን የሚያይ ዓይን ወረቀቱን ማየት አይችልም፣ ቀና ባለ ቁጥር የጀመረው ዓረፍተ ነገር ይቋረጣል።