የኦንላይን ፊዚክስና የማታው ቴሌግራም፣ እንዲህ ተገላገልኩ

ያደከመኝ በዙም ማስተማሩ አይደለም፣ ማታ ማታ በቴሌግራም የሚጎርፈው "ቲቸር ይሄ እንዴት ነው?" ነው እንጂ። በካሜራ ሙከራ ማሳየቱን ተውኩና ፔንዱለሙን (ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን) ተማሪዎቹ ራሳቸው ቤት እንዲሰሩት አደረኩ፣ ክር ጫፍ ላይ ቁልፍ ማሰር ብቻ ነው፣ የ25 ሳንቲሜትሩ ክር ደርሶ መልስ 1 ሰከንድ ገደማ 1 ሜትሩ ደግሞ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ የ10 ዙር ጊዜ ለክተው ለ10 ያካፍላሉ፣ አለበለዚያ የጣታቸው መዘግየት ውጤቱን ያበላሸዋል። ርዝመቱ 4 እጥፍ ሆኖ ጊዜው ለምን 2 እጥፍ ብቻ እንደሆነ ግሩፕ ላይ ሲከራከሩ እኔ ዝም ብዬ አነባለሁ (ደስ ሲል!)። ጥያቄ በግል አልቀበልም፣ ከሰዓት ግሩፑ ላይ በቮይስ እመልስና ኖቲፊኬሽኑን ሚዩት። በክላሶች መሃል ስክሪኑን ዘግቼ በመስኮት ሩቅ አያለሁ፣ ዓይኔ ማቃጠሉን ትቷል። ወላጆች መጀመሪያ ትንሽ አጉረመረሙ፣ አሁን ለምደውታል።