የመዋጥ ምርመራ በኤክስሬይ፦ ምስሉ ሲበላሽ፣ ጨረራው ሲበዛ

ስትሮክ የመታው ሰው ውሃ በጠጣ ቁጥር ትን የሚለው ከሆነ፣ ወይም ትን ሳይለው የሳንባ ምች ከተደጋገመበት፣ ባሪየም (በኤክስሬይ ጎልቶ የሚታይ ንጥረ ነገር) የተቀላቀለበት ፈሳሽና ምግብ እየዋጠ በፍሎሮስኮፒ፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ምስል በሚያሳይ ኤክስሬይ፣ ይታያል። ለዐዋቂ ሰው የዚህ ምርመራ ጨረራ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ) በታች ነው፤ ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይደርሰናል። ያም ሆኖ ጨረራን መቆጠብ ግዴታችን ነው። ቁጠባው ያለ ቦታው ሲገባ ግን ታካሚው ጨረራውን ወስዶ መልስ ሳያገኝ ይሄዳል።

ታካሚው ሲያስል ይሰማል፣ በቪዲዮው ላይ ግን ወደ አየር ቧንቧ የገባ ነገር አይታይም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የምት ብዛት ነው። ማሽኑ ጨረራውን በምት በምት ይለቃል። በሰከንድ 30 ምት ሲሆን በሁለት ምስሎች መካከል 33 ሚሊሰከንድ ያህል አለ፤ ወደ 7.5 ሲወርድ ክፍተቱ 133 ይደርሳል። ጉርሻው ጉሮሮን የሚያልፈው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ ጥቂት ፈሳሽ ወደ ማንቁርት ገብቶ ቢወጣ በዚያ ክፍተት ሊያመልጥ ይችላል። ሕፃን ሲቀርብ ምቱን ለመቀነስ እጅ ይፈጥናል፤ ሕፃን ግን እየጠባ በተከታታይ ስለሚውጥ ክፍተቱ ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ መዋጡ በሚታይበት ጊዜ 30 ምት ይሁን።

ምቱ ትክክል ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ የቪዲዮ መቅጃውን ይፈትሹ። ማሽኑ 30 ሰጥቶ መቅጃው 15 ብቻ ከያዘ ግማሹ ምስል ከነጨረራው ባከነ ማለት ነው። የአንድ ሰከንድ ቪዲዮ ምስል በምስል እያራመዱ ይቁጠሩ፦ 15 ከሆኑ ጥፋቱ የመቅጃው ነው፤ 30 ሆነው እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ከተደገመ ማሽኑ የሚሰጠው 15 ብቻ ነው። ወደ ሆስፒታሉ የምስል ማኅደር ሲላክም ምስል ሊቀነስ ስለሚችል ቆጠራውን እዚያም ይድገሙት።

ቁጠባው ጨረራውን በእግር ከሚያስለቅቀው ፔዳል ይምጣ። የሚቀርበውን ምግብና ቅደም ተከተሉን አስቀድመው ይወስኑ፤ ማንኪያው አፍ ሊገባ ሲል ይርገጡ። ከዋጠ በኋላ ቅሪቱ ተንሸራቶ ወደ አየር ቧንቧ ሊወርድ ስለሚችል ወዲያው አይልቀቁ። ረጅም የማኘክ ጊዜና በጉርሻዎች መካከል ያለው ወሬ ግን ጨረራ አያስፈልገውም።

ምስሉ በድንገት ይጨልማል ወይም ይነጣል

ማሽኑ የጨረራውን መጠን ራሱ የሚያስተካክለው በሜዳው (ጨረራው በሚያርፍበት ቦታ) ውስጥ ባየው ነገር ነው። ከማጅራት ጀርባ ያለው ባዶ አየር ሜዳው ውስጥ ከገባ ጨረራውን ይቀንስና አንገቱ ይደበዝዛል፤ ትከሻ ከገባ ደግሞ ይጨምርና አየር ያለበት ጉሮሮ ዝርዝሩን ያጣል። ሜዳውን የሚወስነውን ኮሊሜተር ያጥብቡ፦ ከፊት ከንፈር፣ ከላይ የአፍንጫ የኋላ ክፍል፣ ከኋላ የአንገት አከርካሪ፣ ከታች የምግብ ቧንቧ መጀመሪያ። ሜዳው ሲጠብ ተበታትኖ የሚመለሰው ጨረራ ስለሚቀንስ ምስሉ ይጠራል፣ ታካሚውም ትንሽ ይወስዳል። ከዚህ የሚበልጥ እርምጃ በክፍሉ ውስጥ የለም።

ብረትም ይዩ። በማተብ የታሰረ የብረት መስቀል አንገት ላይ ከቀረ ልክ ማንቁርቱን ሊሸፍን ይችላል። ማተቡን ማውለቅ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ በትሕትና ጠይቆ መስቀሉን ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል

ታካሚው ከምስል ተቀባዩ ርቆ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩን ወደ አንገቱ ያስጠጉ፣ ጨረራው የሚወጣበትን የኤክስሬይ ቱቦ ያርቁ። ማጉያውን ለመጫን አይቸኩሉ፤ ብዙውን ጊዜ ቆዳ ላይ የሚያርፈውን ጨረራ ይጨምራል።

ሁሉም ታካሚ ጉሮሮው ላይ ቅሪት ያለው ይመስላል

ባሪየሙ በግምት ተበጥብጧል፣ ወይም ለሆድ ዕቃ ምርመራ የተዘጋጀው ወፍራሙ ቀርቧል። እሱ ግድግዳውን ቀብቶ ይቀራል። በ100 ሚሊሊትር 40 ግራም ባሪየም ተመዝኖ ይዘጋጅ።

የሠራተኛው ዶዚሜትር (የደረሰበትን ጨረራ የሚለካው መሣሪያ) ከፍ ብሎ ይመጣል

ለሠራተኛው የሚደርሰው ጨረራ በዋናነት ከታካሚው አካል ተበትኖ የሚመጣው ነው፤ በቱቦው በኩል ደግሞ ይበረታል። በተቀባዩ በኩል ይቁሙ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረራው ወደ ሩብ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ ታካሚው ራሱ መጉረስ ከቻለ ይጉረስ። የእርሳስ ሽርጥና የአንገት መከላከያ አይቅሩ፤ መነጽሩም እንዲሁ፦ የዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከል ኮሚሽን በ2011 ለዓይን ሌንስ የሠራተኛውን ገደብ በዓመት ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት ያወረደው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጇን የምታጎርስ እናት ካለች ሽርጥ ይሰጣት፣ ነፍሰ ጡር መሆኗም አስቀድሞ ይጠየቅ። የእርሳስ ጓንት ያደረገ እጅ ሜዳው ውስጥ ከገባ ማሽኑ ጨረራውን ስለሚጨምር፣ ማንኪያው እጀታው ረጅም ይሁንና እጅ ከሜዳው ውጭ ይቅር።